የቱያ አጥሬ ደርቋል ወይስ በርዶታል?

ሐረር፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 2017

ኅዳር 12

አጥሩ ቡናማ ሆኗል። አከራያችን ጋሼ ዛሬ ጠዋት በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉትና «ይሄማ አለቀለት። ይቆረጥና ማገዶ ይሁን፤ በቆርቆሮ እናጥራለን» አሉ። አሥራ አንድ እግር ቱያ ነው፤ ለአጥር የሚተከል የጽድ ዘመድ። ከአምስት ዓመት በፊት ከችግኝ ጣቢያ አንዱን በ40 ብር ገዝቼ በገዛ እጄ የተከልኩት። ሆዴ እሺ አላለኝም።

«ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

«እስከ ፋሲካ ምን ልታደርገው ነው?»

እሱን እኔም አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝን «ውሃ አጠጣዋለሁ» አልኩ።

ኅዳር 15

ሦስት ቀን አጠጣሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን ነው የምገዛው። አንዱ 15 ብር፣ በቀን ስድስት ጀሪካን። 270 ብር መሬት ጠጣው። ለውጥ የለም።

ዛሬ ግን በርጩማ ይዤ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና በደንብ አየሁት። የቡናማው ነገር ሥርዓት አለው። አጥሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። በመንገዱ በኩል፣ ማለትም በደቡብ፣ ከላይ እስከ ታች የድሮ ሳንቲም መስሏል። በግቢው በኩል ግን ለምለም አረንጓዴ ነው። በበጋ ጸሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ የመንገዱን ጎን ቀኑን ሙሉ ትመታዋለች።

ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። የቱያ ቅርንጫፍ እንደ መዳፍ ጠፍጣፋ ነው። አንዱ መዳፍ ሌላው ላይ ይደረባል። የላይኛውን ቀና ሳደርገው፣ ከሥሩ ያለው ቅጠል ላይ ጥላው በወደቀበት ልክ አረንጓዴ ምልክት አገኘሁ። ሰዓት ያወለቀ ክንድ ላይ እንደሚቀረው ዓይነት ምልክት። የደረቀ ነገር እንዲህ በጥላ ልክ ተለክቶ አይደርቅም። ጥማት ቢሆን ኖሮ ከጫፍ ይጀምር ነበር፤ ወይ አንድ እግር ሙሉ ይሄድ ነበር።

ቅጠሉ በጣቴ ሲታሽም አይፈረፍርም። ለስላሳ ነው፤ ሽታውም እንዳለ አለ።

ውሃ ማጠጣቱን ወደ ሳምንት አንዴ ቀነስኩ።

ኅዳር 21

ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። ሱቄ ውስጥ ለዚህ ነገር የሚሆን ዕቃ ሞልቷል፦ ቦርድ ማጠቢያ 99 በመቶ አልኮል፣ ማይክሮስኮፕ፣ ትዊዘር፣ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፣ የስክሪን ሙጫ ማድረቂያ ዩቪ መብራት። የጎደለው ዕውቀቱ ነው። እሱንም ከእህቴ ልጅ ከሰላም ተበደርኩ። አሥረኛ ክፍል ናት። በመጽሐፏ ላይ ቅጠልን በአልኮል ፈጭቶ ቀለሞቹን በወረቀት ላይ መለየት እንደሚቻል ተጽፏል። ክሮማቶግራፊ ይባላል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቡናማው ቅጠል ውስጥ ክሎሮፊል (በእኛ ጊዜ ሐመልሚል ይሉን የነበረው) ካለ ዛፉ አለ። ከሌለ ጋሼ ትክክል ናቸው።

የእማዬን ሙቀጫ ወሰድኩ። ይሄ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የቱያ ሙጫ ከእንጨት ሙቀጫ አይለቅም። በአመድ አሸሁ፣ በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ ወይ ፍንክች። እማዬ ኮረሪማ ብትወቅጥበት ኮረሪማው ራሱ ቱያ ቱያ አለ። አዲስ ሙቀጫ፣ 350 ብር። አሮጌው የኔ ሆነ።

ኅዳር 22

ሁለት የጃም ጠርሙስ አዘጋጅቼ ነበር። በአንዱ ከመንገድ በኩል የተቀነጠሰ ቡናማ ቅጠል፣ በሌላው ከግቢ በኩል የተቀነጠሰ አረንጓዴ፣ ሁለቱም በአልኮል። ሳሳድረው ሁለቱም የወይራ ፍሬ ቀለም ያለው ጭቃ ሆኑ። አረንጓዴውም ጭምር! ሌሊቱን የሞተ መሰለኝ።

ሰላም ናት ያዳነችኝ። «አጎቴ፣ በሌላ ቅጠል ሞክረው እስቲ» አለች። የጓሮ ጎመን በዚያው መንገድ ሠራን። የጎመኑ አሳድረነውም አረንጓዴ ነው።

ነገሩን ፈልገን አገኘነው። የጽድ ዘር ቅጠል አሲድ ይበዛዋል። ሲፈጭ አሲዱ ከክሎሮፊሉ ጋር ይገናኛል። ክሎሮፊል መሀሉ ላይ አንድ ማግኒዥየም አለው፤ አሲዱ ያንን ያወጣበታል። ማግኒዥየሙን ያጣ ክሎሮፊል ፊዮፋይቲን ይባላል፤ ቀለሙ ግራጫ ያለበት ወይራ ነው። ጎመን ብዙ ሲቀቀል የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያየሁት የቅጠሉን ቀለም ሳይሆን የራሴን አበሳሰል ነው።

መፍትሔው አሲዱን ማብረድ ነው። ሲፈጭ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ፣ ቶሎ መሥራት፣ ከብርሃን መከለል። አሁን አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ቡናማውም አረንጓዴ ወጣ፤ ግን ቢጫ የበዛበት አረንጓዴ።

በዚህ ብቻ ደስ ብሎኝ ማቆም እችል ነበር።

ኅዳር 29

የሚለየው ወረቀት የለኝም። የቡና ማጣሪያ ወረቀት እዚህ ማን ይጠቀማል? ጀበና ነው። ሶፍት ሞከርኩ፤ ተበጣጠሰ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ፈሳሹን አይስብም። በመጨረሻ ሰላም ጠመኔ አመጣች። ጠመኔውን ጭማቂው ላይ አቁመነው ስንጠብቅ ቀለሙ ወደ ላይ ወጣ፤ ከላይ ቢጫ ከታች አረንጓዴ ሆነ። ደስ ሲል!

የዚህ ዘዴ ጀማሪ ሚካኤል ጽቬት የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በፈረንጆቹ 1900ዎቹ መጀመሪያ የቅጠል ቀለሞችን የለየው በመስታወት ቱቦ ውስጥ በታጨቀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር። «ጽቬት» ማለት በሩሲያኛ «ቀለም» ነው። ስም ሲወጣ እንዲህ ነው።

ጠመኔው ላይ ግን መስመሮቹ ይዋሃዳሉ። አልኮል ብቻውን ሁሉንም ይዞ ሽቅብ ይነዳል። አሴቶን ያስፈልጋል ተባለ። ሰፈር ካለ የመዋቢያ ሱቅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በ80 ብር ገዛሁ። ሞከርኩት። ጠመኔው ላይ ጥርት ያለ ሮዝ መስመር ብቅ አለ!

ሱቅ ውስጥ ጮህኩ። ቀይ ቀለም! በብርድ ጊዜ ከሚቀሉ የጽድ ዘመዶች ውስጥ ቀይ ነገር እንዳለ አንብቤ ነበር፤ በቃ አገኘሁት። ፎቶ አነሳሁ፣ ለሰላም ላክሁላት። ማታ መጥታ ጠርሙሱን ገልብጣ አየችው። ማስለቀቂያው ራሱ ሮዝ ነው። ፋብሪካው ቀለም ጨምሮበታል። እሷም ምንም አላለችኝም፣ ሳቀች ብቻ።

ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አወጣሁ፦ በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ባዶ ወረቀት፣ ቅጠል የሌለበት፣ ፈሳሹ ብቻ የሚሄድበት ይኑር።

ታኅሣሥ 6

ለዕቃ ድሬዳዋ ወረድኩ። ስክሪንም መግዛት ስለነበረብኝ መንገዱ ለቱያ ብቻ አልወጣም። ደንገጎን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ። ከዚራ ላይ ሸሚዜንም ባወልቅ ደስታዬ ነበር።

ኬሚካል ከሚሸጥ ሱቅ ንጹሕ አሴቶን ግማሽ ሊትር በ450 ብር፣ ክብ የላብራቶሪ ማጣሪያ ወረቀት 100 ፍሬ በ700 ብር። ወረቀቱ ላይ ለመከራከር ሞከርኩ። ሰውዬው «አቦ፣ ለሞባይል ጥገና ማጣሪያ ወረቀት ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ቱያዬ ቡናማ ስለሆነ ብዬ ብነግረው ዋጋ ይጨምርብኝ ነበር።

ዋናው ግኝት ግን በነፃ ነው። አክስቴ ግቢ በበርሜል የተተከለ ቱያ አለ። ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ላይ ነው። አረንጓዴ ነው! በሁሉም ጎን። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200። ጸሐይ ድሬም አለች፤ የሌለው ብርዱ ነው። ስለዚህ ጸሐይ ብቻዋን አታቀላውም ማለት ነው። የአንድ በርሜል ዛፍ ማስረጃ ነው፤ እንደ አቅሙ ይያዝ። አንድ ዘለላ ቀንጥሼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁ።

ታኅሣሥ 13

የዛሬው ሙከራ በእማዬ ትእዛዝ ቆሟል።

ወረቀቱ ላይ ቀለሞቹን በደንብ ለመለየት ዘይት ነክ የሆነ ቀላል ፈሳሽ መብዛት አለበት። ላብራቶሪ ቢሆን ፔትሮሊየም ኤተር ነው። እኔ ከባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ ግማሽ ሃይላንድ ቤንዚን ለመንኩ። ዘጠኝ እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ አሴቶን። በረንዳ ላይ ክዳኑን ከፍቼ ስለካ፣ እማዬ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ከሰል አያይዛ ቡና ልትቆላ ነው። አላየኋትም፣ አላየችኝም። ሽታው ቀድሞ አገናኘን።

የተባልኩትን እዚህ አልጽፍም። ልክ ነበረች። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል፤ ሁለት ሜትር ምንም አይደለም። ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ፦ ደጅ፣ ከነፋስ ጋር፣ ከሰል፣ ሲጋራና ብላወር (የጥገና ሙቅ አየር መንፊያ) በሌለበት፤ ጠርሙሱም ሁልጊዜ ተከድኖ።

ታኅሣሥ 15

ጣራ ላይ ወጥቼ ሠራሁት። ሰራ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣት ስፋት ቆረጥኩ። ከታች ሁለት ሴንቲሜትር ላይ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ (እስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ ራሱ ይሄዳል)። በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ጫፍ ጭማቂውን ነጥብ አደረግኩ፣ አደረቅኩ፣ በላዩ ደገምኩ። አሥራ አምስት ጊዜ። መጀመሪያ አምስት ጊዜ ብቻ አድርጌ ምንም አልታየኝም ነበር። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ ፈሳሹ ከነጥቡ በታች መሆን አለበት። ከደነኩ። ሃያ ደቂቃ።

ከአረንጓዴው ጎን የወጣው እንደ መጽሐፉ ነው። ከላይ፣ ከፈሳሹ ጫፍ አጠገብ፣ የካሮት ቢጫ፣ ካሮቲን። ወረድ ብሎ ግራጫ ጥላ፣ ያቺው ፊዮፋይቲን፤ ሶዳውም ሙሉ በሙሉ አላገዳትም። ቀጥሎ ቢጫ መስመሮች፣ ዛንቶፊል። ከታች ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ፣ ክሎሮፊል ኤ። ከሁሉም ሥር ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ ክሎሮፊል ቢ።

ቡናማው ላይም እነዚሁ ሁሉ አሉ። አረንጓዴዎቹ መስመሮች ሳሱ እንጂ አልጠፉም። ከካሮቲኑ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንዲት ቀላ ያለች ቀጭን መስመር አለች። የበርበሬ ውሃ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲፈስ የሚተወውን ጠርዝ ታህላለች። ባዶው ወረቀት ላይ የለችም። የድሬው ቱያ ላይም የለችም። አምስት ጊዜ ደገምኩ፤ አራቱ ላይ ወጣች።

ሮዶዛንቲን ናት ብዬ እገምታለሁ። የካሮቲን ዘመድ የሆነ ቀይ ቀለም ነው። የጃፓኑ ክሪፕቶሜሪያና የአሜሪካው ትልቁ ቱያ በክረምታቸው ወደ ቀይ ቡናማ የሚለወጡት እሱን ቅጠላቸው ውስጥ እያከማቹ ነው። የእኛም ቱያ ከነሱው ቤተሰብ ነው። አገሩ ምሥራቅ እስያ፣ ሳይንሳዊ ስሙ ፕላቲክላደስ ኦሪየንታሊስ። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው።

ታኅሣሥ 22

ሰላም ተከራከረችኝ። «ቀይ ሁሉ አንድ ነው እንዴ? አንቶሲያኒን ቢሆንስ?» አለች። አንቶሲያኒን የብዙ አበባና ፍሬ ቀይ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ርካሽ ነው። አንቶሲያኒን በውሃ ይሟሟል፣ በአሲድና በሶዳ ቀለሙን ይቀያይራል። ካሮቲን ነክ ነገር ውሃ አይነካውም።

ለማነጻጸሪያ ከርከዴ አፈላን። ደም መሰለ። ሶዳ ስንጨምርበት አረንጓዴና ሰማያዊ መሀል የሆነ አስቀያሚ ነገር ሆነ። ሎሚ ስናክልበት ተመልሶ ቀላ። ቡናማውን ቱያ ቀቀልን፦ ውሃው ሻይ የመሰለ ገረጣ ያለ ቢጫ ወጣ። ሶዳና ሎሚ ቢደረግበትም የሚቀላም የሚያረነጉድም ነገር የለም። ቤንዚን ያለው አሴቶን ላይ ግን ቀዩ ይወጣል። አንቶሲያኒን አይደለም።

የተረፈውን ከርከዴ በስኳር ጠጣነው። ሶዳ የገባበትን ሳይሆን።

ጥር 2

አሁን መፈተን የምፈልገው ጥላውን ነው። አራተኛው እግር ላይ የደቡቡን ሽፋን በመቀስ ገለጥኩት። ከውስጥ ጸሐይ አይቶ የማያውቅ አረንጓዴ ቅጠል ወጣ። ግማሹን ክፍት ተውኩ። ግማሹን በጥቁር ፌስታል አሠርኩ። ቅጠሎቹን በኋላ እንዳልስታቸው በቀይ ክር ምልክት አደረግኩ።

ቴርሞሜትር አጥሩ ላይ አንጠለጠልኩ። ንጋት ላይ 8 ዲግሪ። ወደ ሐረማያ ሜዳ ደግሞ በዚህ ወቅት ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት አለ።

ጥር 6

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ተቀቀለ። አራት ቀን ብቻ! እጄን ሳስገባ የገንፎ ድስት ነው። ጥቁር ፌስታል፣ የሐረር የበጋ ጸሐይ፣ አየር መውጫ የለም፤ ምን ጠብቄ ነበር? ቅጠሉ እውነተኛ ሞት ሞቷል። ሲታሽ ይፈረፍራል፣ ሽታ የለውም።

ሌላ ቅርንጫፍ ገለጥኩ። አሁን በነጭ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ሁለት ድርብ፣ ከታች ክፍት ሆኖ። ማዳበሪያው አየር ያስተላልፋል።

የስልክ ፎቶዬም ዋጋ የለውም። የአራት ሳምንት ፎቶ ስደረድር ስልኩ እያንዳንዱን እንደመሰለው አሳምሮታል። ቡናማውን «ሳር» መስሎት አረንጓዴ አድርጎታል። ካሜራውን ወደ ማንዋል ቀይሬ፣ ጎኑ ነጭ ወረቀት አስቀምጬ፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማንሳት ጀመርኩ። ይህን ሥራዬ ነው ከሚል ሰው አይጠበቅም ነበር።

ጥር 28

ውጤት። ክፍት የተተወው፣ በክር ምልክት የተደረገበት፣ ነሐስ መስሏል። ጫፍ ጫፉ ደግሞ ተቃጥሏል፤ ጥላ የለመደን ቅጠል ድንገት ጸሐይ ላይ ማውጣት ቅጣት አለው። ከማዳበሪያው ሥር ያለው አረንጓዴ ነው። ያው ዛፍ፣ ያው ሥር፣ ያው ውሃ፣ ያው የሌሊት ብርድ። ልዩነቱ ብርሃን ብቻ ነው። ከድሬው ጋር ስደምረው፦ ብርድ ብቻውን አያቀላም፣ ጸሐይ ብቻዋን አታቀላም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ምክንያቱ በሥራዬ ቋንቋ ይገባኛል። ቅጠል ብርሃን መያዙ ብርድ አያግደውም፤ ስኳር መሥራቱ ግን ኤንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራውን የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለበት፣ ኤንዛይም በብርድ ይዘገያል። የበጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቅጠሉ ገና ደንዝዟል፣ ጸሐይዋ ግን ጥርት ባለ ሰማይ ሙሉ ቮልቴጅ ትለቃለች። ቻርጀሩ ይገፋል፣ ባትሪው አይቀበልም። ትርፉ ኃይል መሄጃ ካጣ ቦርዱን ይበላል።

ቅጠሉ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ክሎሮፊሉን ይቀንሳል፤ ብርሃን መቀበያውን ያሳንሳል። ሁለተኛ፣ ከዛንቶፊሎቹ አንዱን ቫዮላዛንቲንን ወደ ዚያዛንቲን ይለውጣል። ዚያዛንቲን ሲኖር ትርፉ ኃይል በሙቀት መልክ ይወጣል። ልክ ትርፍ ቮልቴጅን ወደ ግራውንድ እንደሚለቅ ዜነር ዳዮድ። በሞቃት ጊዜ ማታ ማታ ተመልሶ ይቀየራል፤ ከባድ ብርድ ባለባቸው አገሮች ግን ጥዶች ክረምቱን ሙሉ ሌሊትም ሳይመልሱት ይቆያሉ። ይሄኛውን በእኔ ወረቀት ማየት አይቻልም፤ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ሦስተኛ፣ ቀዩ። ሮዶዛንቲን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ ክሎሮፊሉ ፊት እንደ መጋረጃ ይቆማል።

ሁሉም የጽድ ዘመድ ግን እንዲህ አያደርግም። ላርች የሚባለው የብርድ አገር ዛፍ ጭራሽ ክሎሮፊሉን አፍርሶ፣ ወርቅ መስሎ፣ ቅጠሉን ያራግፋል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አስፈቅጄ ያመጣሁት የሐበሻ ጽድ ደግሞ በዚሁ ብርድ ምንም ቀይ አላሳየኝም። የደጋ ልጅ ነው፤ ለ8 ዲግሪ አይደነግጥም።

የካቲት 9

በራስ መተማመን መጥፎ ነው። አሥራ አንዱም ደህና ናቸው ብዬ ለጋሼ ልነግራቸው ነበር። ማረጋገጫዬ የሱቁ ዩቪ መብራት ነው። ጭማቂውን ጨለማ ውስጥ በዩቪ ሲያበሩበት አረንጓዴው ፈሳሽ ደም ቀይ ሆኖ ያበራል። ክሎሮፊል የያዘውን ብርሃን መልሶ በቀይ ሲተፋ ነው። እንግዶች ሁሉ ይገረሙበታል። ከአሥራ አንዱም ጭማቂ አወጣሁ፤ አሥራ አንዱም ቀይ አበሩ።

ለነገሩ ያህል ጥር ላይ ፌስታል ውስጥ የቀቀልኩትን ሙት ቅጠልም ሞከርኩ። እሱም አበራ! ደከም ብሎ፣ ግን አበራ። ፊዮፋይቲንም ቀይ ያበራል ለካ። መብራቱ ክሎሮፊል እንደነበረ እንጂ ዛሬ በሕይወት እንዳለ አይናገርም።

ወደ ገጠሩ ዘዴ ተመለስኩ፤ ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ማድረግ። ዘጠኙ ከሥር እርጥብ አረንጓዴ ናቸው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ደረቅ ቡናማ። ቀረብ ብዬ ሳይ የነሱ ቡናማነት ጸሐይና ጥላ አይለይም፤ ከውስጥ ጀምሮ ነው። ግንዳቸው ላይ ጥቁር ጥላሸት አለ፤ ጉንዳን ይመላለስበታል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሳደርገው ከቅርፊቱ ጋር አንድ የመሰሉ ቡናማ ክሽክሾች (የተክል ጭማቂ የሚመጥጡ ትንንሽ ነፍሳት) ተደርድረው ይመጥጣሉ። ጽድን የሚያደርቅ የክሽክሽ ዓይነት በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነው። የኔዎቹ እሱ ይሁኑ ሌላ አላረጋገጥኩም።

ሦስት ወር ሙሉ ሁሉንም «በርዶት ነው» እያልኩ እነዚህን ሁለቱን ሳላይ ቀረሁ። ሁለቱን ነቅዬ አቃጠልኩ። ጎረቤቶቻቸውን በሳሙና ውሃ በየሦስት ቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት፣ ግንድ ግንዱን አጠብኩ። 60 ብር ሳሙና።

መጋቢት 8

ረመዳን ስለሆነ ሱቅ ማታ ማታ ነው ሥራው፣ ቀን ለአጥሩ ጊዜ አለኝ። ንጋት ላይ 13 ዲግሪ ደርሷል። ትናንት ዘነበ፣ የበልጉ የመጀመሪያ። ቡናማው አሁንም ቡናማ ነው።

መጋቢት 23

ክር ያለባቸው ቅጠሎች ከመሠረታቸው እያረነጎዱ ነው። አዲስ ቅጠል አይደለም፤ ያው የጥር ቅጠል ነው፣ ክሩ ምስክር። ወረቀት ላይ ቀይዋ መስመር ደብዝዛለች፣ ክሎሮፊል ኤ ወፍሯል።

ሚያዝያ 6

አረንጓዴ። ቀይ መስመር የለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ጥር ላይ የተቃጠሉት ጫፎች ግን እንደደረቁ ናቸው፤ እነሱ አይመለሱም።

ሚያዝያ 10

ጋሼን ጠራኋቸው። ፋሲካ ከነገ ወዲያ ነው። ከዘራቸውን ይዘው ወጡ፣ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፣ ክፍተቱ ጋ ቆሙ።

«ሁለቱስ?»

«እነሱ እውነትም ሞተው ነበር፣ ጋሼ።»

«አላልኩም?» አሉ። ስለዘጠኙ ምንም አላነሱም። ቆርቆሮ ግን አልገዙም።

ወጪ፦ አሴቶን 450፣ ወረቀት 700፣ የጥፍር ማስለቀቂያ 80፣ ውሃ በአጠቃላይ ወደ 900፣ ሙቀጫ 350፣ ሳሙና 60። ቤንዚኑ በነፃ፣ አንድ ስክሪን ፕሮቴክተር ለጠፍኩለት። 2,540 ብር። ሙቀጫውን ባልቆጥረው ደስ ይለኝ ነበር፣ እማዬ ግን ትቆጥረዋለች።

ወረቀቶቹን ሱቁ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፌያቸዋለሁ። ብርሃን ስለሚያገኛቸው እየገረጡ ነው። ለማስቀመጥ የፈለገ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ።

ሚያዝያ 18

ደንበኞች ወረቀቶቹን እያዩ ይጠይቃሉ። ትናንት አንዱ ስክሪን ሊያስቀይር መጥቶ ከእቅፉ አንድ ዘለላ ጫት መዘዘና ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ጫፉ ቀላ ያለ ነው። «ይሄስ ለምን ቀላ? ፈትሽልኝ» አለ። መጀመሪያ የከርከዴውን ፈተና፣ በውሃ መቀቀል፣ ብዬ ለዛሬ ጠዋት አሳደርኩት።

ዛሬ ሱቁን የከፈተው ረዳቴ ነው። እኔ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ገራባ ብቻ ነው።